ቅዳሜ የተሠራ መንገድ

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የምታዝኑለት ሰው ታገኛላችሁ፤ እኔ ግን አይደለሁም። እኔን ብትንቁኝ አልቀየማችሁም። ራሴን ከናቅሁ ቆይቻለሁና ብዙ አልደነግጥም።

ያኔ ሰቆጣ ከገባሁ ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። የዳንግላ ልጅ ነኝ። ስሜ ስንታየሁ ነው። ሥራዬ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቅድና ሪፖርት ማዘጋጀት ነበር። ከየወረዳውና ከየቀበሌው በስልክ የሚነገረኝን ቁጥር ሰንጠረዥ ውስጥ አስገባለሁ፣ አሳምራለሁ፣ ወደ በላይ እልካለሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከዋናው መንገድ ወጥቼ ገጠር የረገጥኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ለለቅሶ። ግማሽ ሕዝቡ በሚናገረው በኽምጣና አንድ ዓረፍተ ነገር አልተማርኩም። ለምን ብዬ እማራለሁ? ነገ ዝውውር ይመጣል እያልኩ ሻንጣዬን እንኳ በቅጡ አልፈታሁም። ገበሬው ለእኔ ቁጥር አስተካክሎ መናገር የማይችል፣ ሲጠይቁት ዝም የሚል፣ ሲያዙት «እሺ» የሚል ፍጡር ነበር። እንዲህ ነበር የማስበው፤ አላሳምረውም።

መስከረም መጨረሻ ላይ ሰላማዊት ደወለች። ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ነበርን። እሷ አዲስ አበባ ትልቅ ድርጅት ገብታ የክፍል ኃላፊ ሆናለች። መንገዱ ገና ሰላም የነበረበት ጊዜ ነው፤ የከተማ ሰው መኪናውን ራሱ እየነዳ ገደል ለገደል በእግር መሄድ የጀመረበት ወቅት።

«ኅዳር ላይ ከሮቤል ጋር እንመጣለን» አለችኝ። ሮቤል ባሏ ነው። «የምነዳው ራሴ ነኝ። አንተ ደግሞ ማንም ያልረገጠው ሸለቆ ፈልግልኝ።»

«ሞልቷል» አልኳት። ሰው ተወልዶ፣ አርሶና ተቀብሮ የሚኖርበትን አገር ማንም ያልረገጠው ስትለው ትንሽ እንኳ አልቆረቆረኝም።

«በዚያውም» አለች፣ «የዕቅድ ባለሙያ እየፈለግን ነው። የምመርጠው እኔ ነኝ። እስቲ ይህን ጉዞ አደራጅተህ አሳየኝ።»

እንደ ጨዋታ ነው የጣለችው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ጉዞው ካማረ አዲስ አበባ እገባለሁ፤ ካልሆነ ሰቆጣ ላይ አረጃለሁ። ለእኔ ነገሩ ይኸው ነበር።

ዕቅዱን እንዴት እንዳወጣሁት ብታዩ ትስቁብኝ ነበር። በሰዓት የተከፋፈለ ሰንጠረዥ፣ በቀለም የተለየ፣ «ሥጋቶችና መፍትሔዎች» የሚል ዓምድ ሳይቀር አለበት። ሮቤል በበኩሉ በቴሌግራም የዕቃ ዝርዝር ይልክልኛል፦ ድንኳን፣ ሲታጠፍ ቦርሳ የሚገባ ወንበር፣ የውሃ ማጣሪያ፣ ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት የእግር ጉዞ ዱላ። ዱላ ከአዲስ አበባ ወደ ዋግ የሚያጓጉዝ ሰው በዓይኔ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። እኔም «ግሩም ዝግጅት ነው» ብዬ እመልስለታለሁ። ሥራ የሚፈልግ ሰው የማይለው ነገር የለም።

መንገዱን መምረጥ አላስቸገረኝም። ከአምደወርቅ ወዲያ፣ ተከዜን ቁልቁል እስከሚያሳየው ገደል አፍ የሚደርስ የገጠር መንገድ ባለፈው ዓመት ሪፖርታችን ላይ ሰፍሯል። በሕዝብ ተሳትፎ፣ ለሠሩት ስንዴ እየተከፈለ የተሠራ፣ ክንውኑ መቶ በመቶ። መኪናውን እዚያ አቁመን ወደ ሸለቆው በእግር እንወርዳለን ማለት ነው። ለማንኛውም ብዬ የመሥሪያ ቤታችንን ሾፌር አቶ ካሳን ጠየቅኳቸው። ዋግን ሃያ ዓመት የነዱባት ሰው ናቸው።

«እዚያ መንገድ ቢኖር እኔ ሳልሰማ አልቀርም ነበር» አሉኝ።

«ሪፖርት ላይ አለ እኮ፣ አቶ ካሳ።»

«እንግዲያ በሪፖርቱ ላይ ንዱበት» አሉና ሻያቸውን ይዘው ሄዱ።

ሪፖርት የማያነብ ሾፌር ምን ያውቃል ብዬ ተውኳቸው።

ሐሙስ ዕለት ጠዋት ፈንታ ዘንድ ደወልኩ። ፈንታ የዚያ ቀበሌ የሕዝብ ሥራ አስተባባሪ ነው። ሁለት ዓመት በስልክ ስንነጋገር ፊቱን አላውቀውም።

«ከነገ ወዲያ ቅዳሜ፣ ሦስት ሰዓት ላይ በመንገዱ እንመጣለን» አልኩት። «ከአዲስ አበባ ሰዎች ይዣለሁ። ገደሉ አፍ ድረስ በመኪና ነው።»

በጣም ረጅም ዝምታ ሆነ። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለ። «በመንገዱ ነው የምትመጡ?»

«በመንገዱ ነዋ።»

«ሰኞ ቢሆን አይሻልም? ቅዳሜ ለኛ ሰንበት ናት። ይታወቃል። ሰዉ አጨዳም አለበት።»

«ሰዉ ምን ያደርግልኛል? አንተ ብቻ መገንጠያው ላይ ጠብቀን። ፕሮግራሙ አይቀየርም።»

«እሺ» አለ። ስልኩን ስዘጋ፣ ለመገናኘት እንኳ ሰኞ እያለ የሚያጓትት ሰነፍ ነው አልኩ በሆዴ።

ዓርብ ማታ እንግዶቼ ሰቆጣ ገቡ። ቅዳሜ ገና በማለዳው በሰላማዊት ላንድክሩዘር ተነሣን። አምደወርቅን አለፍን። ሮቤል ከፊት ተቀምጦ በስልኩ ካርታ ያያል፤ ካርታው መንገዱን አያውቀውም። «ለዚህ ነው የወደድኩት» አለ። «ካርታ እንኳ ያላገኘው መንገድ።» እኔም ሳቅኩ፣ ኮርቼ።

ፈንታ መገንጠያው ላይ ቆሞ ጠበቀን። በእኔ ዕድሜ ያለ ቀጭን ሰው ነው። ፀጉሩ፣ ቅንድቡ፣ ጋቢው ሳይቀር በነጭ አቧራ ተሸፍኗል። ሰላም ሊለኝ የዘረጋው እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«አይ፣ ሥራ ነው» አለ።

ከአጠገቤ ተቀመጠና ጉዞ ጀመርን። መጀመሪያ ላይ መንገዱ እውነትም መንገድ ነበር፤ ጠባብ፣ ድንጋያማ፣ ግን የሚያስኬድ። በግራ በቀኝ ያልታጨደ ገብስ ቢጫ ሆኖ ቆሟል። ሰው የሚባል የለም። ሰላማዊት በመስታወት አየችውና «ሰዉ የት ሄዶ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«እዚህ ወደፊት ነው» አለ ፈንታ። ከዚያ «ቀስ ብለው ይንዱ» አላት። ጥቂት እንደሄድን «እዚች ቤት ጠላ አለ፣ ትንሽ አረፍ ብንል» አለ። አላረፍንም። ሌላ ጥቂት እንደሄድን ደግሞ ከዚያ ኮረብታ ላይ አገሩ ሁሉ ይታያል፣ ወርደው ይዩት አላት። ሮቤል ሰዓቱን አየ፤ በሰንጠረዤ መሠረት ወደ ኋላ ቀርተናል። «በመመለሻችን እናያለን» አልኩ እኔ። ፈንታ አንገቱን ወደ እኔ አዙሮ አየኝ። ያንን አስተያየት ያኔ ድንቁርና ነው ብዬ ተረጎምኩት።

ኩርባውን ስንዞር መንገዱ አለቀ።

ፊታችን ጥልቅ የጎርፍ ቦይ ነበር፤ ሁለት ቤት ቢደራረብ የሚውጥ። በቦዩ ውስጥ፣ በአፋፉ ላይ፣ ከማዶ ባለው ቁልቁለት ላይ የቀበሌው ሰው ሁሉ ፈስሷል። ሴቶች ድንጋይ በጀርባቸው ያዝላሉ። ወንዶች ከታች ይደረድራሉ። አንድ ቄስ ጥምጥማቸውን አስረው፣ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሰብስበው አፈር ይዝቃሉ። በቅዳሜ ቀን። ቅዳሜ አንዲት ዘለላ የማይቆርጡ፣ በሬ የማይጠምዱ ሰዎች ናቸው። ቦዩን ከግማሽ በላይ ሞልተውታል። አንድ ቀን ቢያገኙ ይጨርሱት ነበር።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ባለፈው ዓመት ፈንታ በስልክ «ሰባ በመቶ እንበለው፣ ትልቁ ቦይ ይቀረናል፣ ለድልድዩ ሲሚንቶ አልመጣም» ብሎኝ ነበር። እኔም «ሰባ ብለህ ግምገማ ላይ ማን ሊቆምልህ ነው? መቶ ብዬዋለሁ» አልኩት። «እሺ» አለ። መቶ ስለተባለ ሲሚንቶው ከዕቅድ ወጣ፤ ላለቀ መንገድ ሲሚንቶ አይመደብም። እኔ ደግሞ ነገሩን ረሳሁት። በዓመቱ የገዛ ውሸቴን ከገዛ ሪፖርቴ ላይ አንብቤ አመንኩት፤ አምኜም ሰው በመኪና ጫንኩበት። እንዲህ ያለ ሞኝነት ከእኛ ከሪፖርት ጸሐፊዎች በቀር የሚችለው የለም።

ከቦዩ ውስጥ አንዱ «ደረሱ» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ወደ መኪናው ዞረ፤ ከዚያ ሁሉም ለመጨረስ በአንድ ጊዜ መሮጥ ጀመረ። አፋፉ ላይ አራት ሰዎች በእንጨት እየፈነቀሉ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ያወርዱ ነበር። እኛን ሲያዩ ተጣደፉ። እንጨቱ ተሰበረ። ቋጥኙ ወደ ጎን ተንከባለለና ከታች ድንጋይ ይደረድሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ እግር ላይ አረፈ።

ሽማግሌው አልጮሁም። የጮኹት ሴቶቹ ናቸው።

ሰዉ ተረባርቦ ቋጥኙን አነሣ። አያ ወልዴ ይባላሉ፤ እግራቸውን ማየት አልቻልኩም፣ ፊቴን አዞርኩ። ሰላማዊት ወርዳ ቦዩ ውስጥ ገባች። በገዛ ሻርፗ እግራቸውን አሰረች። ከዚያ ቀና ብላ «ምንድን ነው የምትሠሩት? በዚህ ቀን ማን አሠራችሁ?» አለች።

ሁሉም ፈንታን አየ። ፈንታ እኔን አየኝ። በዚያች ቅጽበት አፌን ብከፍት ኖሮ ይህን ታሪክ በኩራት እነግራችሁ ነበር። አልከፈትኩም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ፈንታ። «መንገዱ አልቋል ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ከአዲስ አበባ መርማሪ ይመጣል ብዬ ሰዉን ያስወጣሁትም እኔ ነኝ።»

«መርማሪ?» አለች። «ሽርሽር ነው እኮ የመጣነው።»

ፈንታ ይህን በኽምጣና ለሰዉ ተረጎመ። ምን እንዳለ አልገባኝም። የሰዉን ፊት ግን አየሁ። አንዲት ሴት የተሸከመችውን ድንጋይ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችና እዚያው ላይ ተቀመጠች።

አያ ወልዴን ለመጫን የኋላውን ዕቃ ማውረድ ነበረብን። ሮቤል «ድንኳኑን ሁሉ እዚህ ጥለን? ማን ይጠብቀዋል?» አለ። ሰላማዊት ቦርሳዎቹን አንድ በአንድ ወረወረቻቸው። በማግስቱ ሁለት ሰዎች ዕቃውን አምደወርቅ ድረስ በትከሻቸው ተሸክመው፣ ከዚያ በሚኒባስ ሰቆጣ አድርሰውለታል። ሮቤል ፈትሾ ማንኪያ እንኳ አለመጉደሉን ሲያውቅ ተገረመ። የተገረመበትን ነገር እኔ እስከ ዛሬ ይቅር አልለውም።

ከኋላ እኔ ተቀመጥኩ፣ የሽማግሌውን ጭንቅላት ጭኔ ላይ አድርጌ። ፈንታ እግራቸውን ይዟል። አምደወርቅ ጤና ጣቢያ ደሙን አቁመው፣ መርፌ ወግተው፣ በቶሎ ሰቆጣ አድርሷቸው አሉን። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ማለቂያ አልነበረውም። መኪናው በዘለለ ቁጥር ሽማግሌው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በመካከሉ በተሰባበረ አማርኛ ያናግሩኝ ጀመር።

«የዞኑ ሰው እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«መንገዱ አልደረሰም። እርስዎን አይጠይቁዎትም?»

«አይጠይቁኝም» አልኩ።

«ስንዴውስ? መንገድ ብለን በልተናል። አሳዩን ቢሉን፣ የለም። አይቀርብንም?»

«አይቀርባችሁም።»

«እንግዲያ ደህና» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሰላማዊት በመስታወት ታየኝ ነበር። እኔ በበኩሌ እግሩ የተደቆሰ ሰው ጭኔ ላይ አስተኝቼ፣ ፈንታ ነገሩን በራሱ ላይ መውሰዱን እያሰብኩ ነበር። ካልተናገርኩ ሥራው አሁንም የእኔ ነው እያልኩ እያሰላሁ። ይህን የምነግራችሁ እንዲደንቃችሁ አይደለም። ሰው እንደዚያ መሆን እንደሚችል ስላላወቅኩ ነው።

ሆስፒታሉ ተቀበላቸው። በአልጋ ወደ ውስጥ ሲገፏቸው አንድ ወጣት ካርድ አውጪ ቅጽ ይዞ ወደ እኛ መጣ። ሁላችንም በረንዳው ላይ ቆመናል። ስምና ዕድሜ ጻፈ። ከዚያ ብዕሩን እንደያዘ «አደጋው እንዴት ደረሰ?» አለ።

«ገደል ወድቀው ነው» አለ ፈንታ ፈጥኖ።

ካርድ አውጪው ሊጽፍ አጎነበሰ። እኔ ያንን ብዕር አየሁት። ፈንታ ስለ እኔ ሲዋሽ ይህ ሁለተኛው ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ማንም ዋሽልኝ ሳይለው። አፈርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

«ገደል አይደለም» አልኩ። «እኔ ያልተሠራ መንገድ ተሠርቷል ብዬ ጻፍኩ። ዛሬ በመኪና እንመጣለን ስላልኳቸው፣ ውሸቴ እንዳይያዝ ሊጨርሱት ሲጣደፉ ነው።»

ሰላማዊት አጠገቤ ቆማለች፤ ሥራው ከእጄ ሲሄድ በጆሮዬ የሰማሁት ያህል ነው።

ካርድ አውጪው ቀና ብሎ አየኝ። «ይኼን ሁሉ የት ልጻፈው?» አለ። «ቦታው አንድ መስመር ናት።» ከዚያ ትንሽ አሰበና «ድንጋይ» ብሎ ጻፈ።

ሰላማዊት ግቢው ውስጥ ወዳለ ዛፍ ጥላ ወሰደችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ቦታው ያንተ ነው» አለች። «ሰኞ ደብዳቤ እልክልሃለሁ።»

«ያልኩትን አልሰማሽም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ። ገና ቦዩ ላይ ፊትህን ሳይ ገብቶኛል።» ድካም ነበረባት፣ ቁጣ ግን አልነበረባትም። «እኛ ቤትስ ወረቀት ላይ ያለቀ ነገር የሌለ ይመስልሃል? አለቆቼ መቶ ነው የሚፈልጉት። አንተ ሥራውን ታውቀዋለህ። በዚያ ላይ ልብ አለህ። ከዚህ የተሻለ ሰው ከየት አመጣለሁ?»

ከልቧ ነበር። አዝናልኝ ነበር፣ ወድዳኝም ነበር። የከፋውም ይኸው ነው። ስድስት ዓመት የለመንኩት ነገር ሊሰጠኝ ቀርቧል፤ የሚሰጠኝ ደግሞ አንድ ሰው እግሩ በተደቆሰበት ሙያ ጎበዝ ስለሆንኩ ነው። «እሺ» ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከውስጥ ጩኸት ተሰማ፤ አያ ወልዴ ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ተይው» አልኳት።

«አስብበት።»

«ተይው፣ ሰላማዊት።»

እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ሰኞ ዕለት የማስተካከያ ሪፖርት ጻፍኩ፤ መቶ የነበረውን ሰባ አልኩት። የቅርብ አለቃዬ አነበበውና «መቶ የደረሰ ሥራ እንዴት ወደ ኋላ ይሄዳል? ሰው ምን ይለናል?» አለኝ። የጨነቀው መንገዱ አልነበረም፣ ቁጥሩ ወደ ኋላ መሄዱ ነው። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝና ወደ ወረዳ፣ ወደ አምደወርቅ ተመደብኩ። ሰዎች ቅጣት ይሉታል። ከዚያ በኋላ በዚህ አገር ላይ ጦርነቱም ረሃቡም መጥቷል፤ ከእኔ ጥፋት የሚበልጥ ብዙ ጥፋት አይቻለሁ። የእኔ ግን የእኔ ነው፣ በሌላው ብዛት አይቀልልኝም።

እናንተ ጠረጴዛ ያላችሁ ሰዎች፣ ለእናንተ ነው የምጽፈው። አንዳችሁም ሰው ለመጉዳት ብላችሁ ቁጥር እንደማታሳምሩ አውቃለሁ፤ እኔም አልነበርኩም። አለቃ እንዲደሰት፣ ስብሰባው ቶሎ እንዲያልቅ፣ ምሳ እንዲደርስ ነው። ያቺን ቁጥር አንድ ቦታ ላይ አንድ ሰው እውነት ሊያደርጋት እንደሚገደድ ግን አይታያችሁም። እናንተ የጻፋችሁትን እሱ በጀርባው ይሸከመዋል፤ ዝም ሲላችሁ ደግሞ ሰነፍ ትሉታላችሁ። ብትቆጡብኝም አያስጨንቀኝም። መቶ ጽፎ የማያውቅ ካለ ይቆጣ።

ያን የቅዳሜ ድንጋይ የመጀመሪያው ክረምት ጎርፍ ወሰደው። ሲሚንቶው እስከ ዛሬ አልመጣም፤ በላይኛው መዝገብ ላይ መንገዱ አሁንም ያለቀ ነው፣ የእኔን ማስተካከያ የተቀበለው የለም። እዚያ ቀበሌ የምሄደው በእግሬ ነው።

ባለፈው ሳምንት አያ ወልዴን በራቸው ላይ አገኘኋቸው፤ በምርኩዝ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«እንግዲህ» አሉኝ፣ «መንገዱ መቼ ነው?»

አፌ ልማዱን ሊል ተከፍቶ ነበር፤ በዕቅድ ተይዟል፣ በሂደት ላይ ነው፣ በቅርቡ።

«አላውቅም» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። በሥራ ዘመኔ ለዚያ ቀበሌ የሰጠሁት የመጀመሪያው ትክክለኛ መረጃ ይኸው ነው።